አሥር የቀድሞ ወታደሮች፣ አንድ ቀጠሮ

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞቹም ታካሚዎቹም ባጭሩ «ቪኤ» የሚሉት፣ ወደ 170 የሚጠጉ ሆስፒታሎችና ከአንድ ሺህ በላይ ክሊኒኮች አሉት። ወደ 9 ሚሊዮን የሚሆኑ የቀድሞ የጦር አባላት ተመዝግበው ይታከሙበታል። በዚህ ግዙፍ ተቋም ውስጥ፣ ከሦስት ወር በላይ በዘለቀ የጀርባ፣ የጉልበት፣ የአንገት ወይም የራስ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣ ያለ ቀጠሮ እየተለመደ መጥቷል። ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ክፍል ይጠራሉ። ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። ሐኪሙም ከመካከላቸው ይቀመጣል።

ሲሰሙት ወጪ መቀነሻ ይመስላል፤ በከፊልም እንደዚያው ነው። አንድ ሐኪም በሃያ ደቂቃ አንድ ሰው ከሚያይ፣ በዘጠና ደቂቃ አሥር ሰው ቢያይ ይሻላል የሚል ቀላል ስሌት ከጀርባው አለ። እኔ ግን የዚህ አሠራር ትልቁ ፋይዳ በስሌቱ ውስጥ የለም ባይ ነኝ። ፋይዳው ሕመሙን ለሐኪም፣ ለካሳ መርማሪ፣ ለአሠሪና ለትዳር ጓደኛ ሲያስረዳ ዓመታት ያለፉት ሰው፣ ማስረጃ አምጣ የማይባልበት ቦታ ማግኘቱ ላይ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን በታካሚ ቁጥርና በወጪ ብቻ የሚመዝን አስተዳደር ዋናውን ነገር ገድሎ ቅርፊቱን ይዞ ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ብዙ ሰው የቡድን ሕክምና ሲባል ሰዎች ተሰብስበው የሆዳቸውን የሚያወጡበትን የሥነ ልቦና ምክር ያስባል። ይህ ከዚያ ይለያል። እዚህ ክፍል ውስጥ መድኃኒት ይታዘዛል፣ መጠኑ ይስተካከላል፣ የደም ምርመራና የራጅ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚላክ ይላካል። እያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ካርድ አለው፤ የዕለቱ ውሳኔም በየካርዱ ይሰፍራል። ታካሚዎቹ ሲገቡ ነርሷ የደም ግፊታቸውንና ክብደታቸውን ትለካለች፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ትፈትሻለች። ሌላው የሰማውን ከክፍሉ እንዳያወጣ ሁሉም ይፈርማል። ከዚያ ሐኪሙ አንድ በአንድ ያነጋግራቸዋል፤ ልዩነቱ ሌሎቹ እየሰሙ መሆኑ ነው። ልብስ ማውለቅ የሚጠይቅ ምርመራ ወይም በሰው ፊት የማይነገር ጉዳይ ያለው ለብቻው ወደ ጎን ክፍል ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ውይይቱን የሚመራ ሳይኮሎጂስት ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ አብሮ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ሲያስብ እርሱ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ተነሥቶ ለመውጣት በሩን እንደሚያይ ያስተውላል።

የቀረው ሰዓት በአንድ ርእስ ላይ ይውላል። አንድ ቀን እንቅልፍ ይሆናል፤ ሌላ ቀን ማስታገሻን ከአልኮል ጋር መደባለቅ የሚያስከትለው አደጋ። ከርእሶቹ ሁሉ በጣም ጠቃሚው፣ በእኔ ግምት፣ አቅምን መመጠን የሚባለው ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይ ወታደር የነበረ፣ ሕመሙ ቀለል ያለለት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ሊጨርስ ይነሣል፤ ሣሩን ያጭዳል፣ ጋራዡን ያጸዳል፣ ዕቃ ያነሣል። ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ይውላል። ሲሻለው እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል። በየዙሩ የሚሠራው እያነሰ፣ የሚተኛው እየበዛ ይሄዳል። መፍትሔው ለመናገር ቀላል ነው፤ በደህናውም በክፉውም ቀን ልክ አበጅቶ መሥራት፣ ሳይደክሙ ማረፍ። ለመቀበል ግን «ተልእኮህን ሳትፈጽም አትመለስ» ተብሎ ለሠለጠነ ሰው ከባድ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም ይህን ብትነግረው በትሕትና ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። ያንኑ ነገር ከፊት ለፊቱ የተቀመጠ፣ በከዘራ የሚሄድ የቀድሞ አሥር አለቃ ሲነግረው ግን የምክሩ ክብደት ይለወጣል።

ይህ ዘዴ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጆሴፍ ፕራት የተባለ የቦስተን ሐኪም በ1905 የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ድሆች በየሳምንቱ ሰብስቦ በአንድነት ማከምና ማስተማር ጀምሮ ነበር። ሕሙማኑ ሳናቶሪየም ወደሚባል ማገገሚያ የሚገቡበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው ያሰባሰባቸው፤ ብዙ ሳይቆይ መሰባሰቡ ራሱ እንደሚያበረታቸው አስተዋለ። ኤድዋርድ ኖፍሲንገር ደግሞ በ1996 በካሊፎርኒያ፣ በካይዘር ፐርማነንቴ ሆስፒታል፣ ሐኪሙ በቡድን መካከል የሚሠራበትን የዛሬውን ዓይነት ቀጠሮ ቀረጸ። ቪኤ ዘዴውን ወስዶ በስፋት የሞከረው በመጀመሪያ በስኳርና በደም ግፊት ሕሙማን ላይ ነበር። ለሥር የሰደደ ሕመም እንዲውል ያስገደደው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ያም ታሪክ ተቋሙን የሚያኮራው አይደለም።

ወታደርና ሕመም ከጥንት ጀምሮ አይለያዩም፤ ያም ሆኖ የዛሬው ሁኔታ የራሱ መልክ አለው። ከ2010 እስከ 2014 በተሰበሰበ ብሔራዊ የጤና ጥናት መሠረት፣ ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች 65.6 በመቶው ባለፉት ሦስት ወራት ሕመም እንደነበረባቸው ሲናገሩ፣ ወታደር ካልነበሩት መካከል እንዲህ ያሉት 56.4 በመቶ ነበሩ። ሕመሙ ጽኑ ነው ያሉት 9.1 በመቶ ለ6.3 በመቶ ነበሩ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን የጥይት መከላከያ ልብስና ፈጣን የሜዳ ሕክምና በቀደሙት ጦርነቶች በእርግጥ ይሞት የነበረውን ቁስለኛ አትርፏል። የተረፈው ሰው ግን የተሰባበረ አካሉን ይዞ ነው የመጣው። ያልቆሰለውም ቢሆን ከትጥቁ ጋር አንዳንዴ ከ40 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ፣ ከመኪና ሲዘል ኖሮ፣ በሠላሳ ዓመቱ የስድሳ ዓመት ሰው ጉልበትና ወገብ ይዞ ይመለሳል።

ሕመሙ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። በቦስተን ቪኤ ሆስፒታል ከሁለቱ ጦርነቶች የተመለሱ 340 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት፣ 81.5 በመቶው ሥር የሰደደ ሕመም እንዳለባቸው አሳየ። 42.1 በመቶዎቹ ሕመሙን፣ የጭንቅላት ጉዳት ያስከተለውን መዘዝና ከጦርነት በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ጭንቀት በአንድ ላይ ይዘው ይኖሩ ነበር። ሦስቱ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ቅዠቱን ያባብሳል፤ ቅዠቱ ጡንቻን ያኮማትራል፤ የተኮማተረው ጡንቻ ሕመሙን ይጨምራል። ለአንዱ ብቻ መድኃኒት ጽፎ መሸኘት ሁለቱን መተው ነው።

ሄንሪ ቢቸር የተባለው የሃርቫርድ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ያየው ነገር እዚህ ላይ መታሰብ አለበት። ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች ሦስት አራተኛ ያህሉ ማስታገሻ ትፈልጋለህ ወይ ሲባሉ አልፈልግም ይሉ ነበር። ቢቸር ይህን በ1946 ሲያሳትም የሰጠው ትርጓሜ ቁስሉ ለወታደሩ ከሞት ማምለጫና ወደ ቤት መመለሻ ስለሆነ ሕመሙ ቀለለት የሚል ነበር። የትርጓሜው ዝርዝር ሊያከራክር ይችላል። ዋናው ነገር ግን ጸንቷል፤ የሕመም ክብደት ከተጎዳው ሥጋ ስፋት ብቻ አይመነጭም፤ ሰውየው ያለበት ሁኔታና ለጉዳቱ የሚሰጠው ትርጉምም ይወስነዋል። ታሪኩን ወደ ሰላሙ ጊዜ ብናመጣው ይገለበጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ የኦሃዮ ከተማ ብቻውን ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ሲያመው ሕመሙ ከምንም አያድነውም፤ የትም አይመልሰውም።

ይህ እየታወቀ ተቋሙ ለረጅም ጊዜ ሕመምን እንደ አንድ ቁጥር ነው የያዘው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቪኤ ሕመምን ከትኩሳት፣ ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከደም ግፊት ቀጥሎ አምስተኛው የጤና ምልክት ብሎ አወጀ። ማንኛውም ታካሚ በመጣ ቁጥር ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር እንዲለካ ይጠየቅ ጀመር። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ሕመም ሲናቅ ኖሯልና። ነገር ግን ቁጥሩ ሰባት ሲሆን ሐኪሙ አንድ ነገር ማድረግ ይኖርበታል፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የሚቀናው ማዘዣ መጻፍ ነው። ጊዜው ኦክሲኮንቲን የተባለው፣ እንደ ሞርፊን ያለ የኦፒዮይድ ማስታገሻ ገበያ ላይ የዋለበት፣ ማለትም 1996ን ተከትሎ የመጣው ጊዜ ነበር። አምራቹ የፐርዱ ኩባንያ መድኃኒቱ ስለሚያስከትለው ሱስ አሳስቶ በማሻሻጥ ወንጀል በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን ቢያምንም፣ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎች በአሜሪካ እንደ ጎርፍ ፈሰሱ። በቪኤም የታዘዘላቸው ሰዎች ቁጥር በ2012 ከፍተኛው ጣራ ላይ ደረሰ።

በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቶማ በተባለች ትንሽ ከተማ ያለው የቪኤ ሆስፒታል ማስታገሻ እንደ ልብ የሚታዘዝበት ከመሆኑ የተነሣ ታካሚዎቹ «የከረሜላ አገር» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። በነሐሴ 2014 አንድ የ35 ዓመት የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም፣ የታዘዙለት መድኃኒቶች ተደራርበው ገደሉት። ጉዳዩ በጋዜጠኞች ከወጣ በኋላ ምክር ቤቱን አንቀሳቀሰ። በሟቹ ስም የተሰየመው ሕግ በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት የሱስ መከላከያ ዐዋጅ ውስጥ ገብቶ ጸደቀ።

ቪኤ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ2013 ጀምሮ፣ ማዘዣውን መቀነስ ጀምሮ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በ2020 እንዳስታወቀው በስምንት ዓመት ውስጥ ኦፒዮይድ የሚወስዱ ታካሚዎቹ በ64 በመቶ ቀነሱ። በሪፖርት ሲታይ ድል ነው። የሚኒያፖሊስ ቪኤ ሐኪም ኤሪን ክሬብስና ባልደረቦቿ በ2018 ያሳተሙት ጥናትም ድሉን የደገፈ ይመስላል፤ ሥር የሰደደ የጀርባ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመም ያለባቸውን 240 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለዓመት ሲከታተሉ፣ ኦፒዮይድ የወሰዱት ሌላ ማስታገሻ ከወሰዱት የተሻለ አልሠሩም፣ አልተንቀሳቀሱም። እንዲያውም የጎንዮሽ ጉዳቱ በእነርሱ በዛ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱን አለመጀመር አንድ ነገር ነው፤ ለአሥር ዓመት ሲወስድ ከኖረ ሰው እጅ መንጠቅ ሌላ። በ2020 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና ከ1 ሚሊዮን 390 ሺህ በላይ የቪኤ ታካሚዎችን መረጃ ያጠና ጽሑፍ፣ ኦፒዮይድ ያቆሙ ሰዎች ከመጠን በላይ መድኃኒት በመውሰድ ወይም ራሳቸውን በማጥፋት የመሞት አደጋቸው ከፍ እንደሚል አሳየ። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ በቆዩት ላይ አደጋው የባሰ ነበር። ይህ በብዙ ክሊኒክ የሆነውን በቁጥር የሚናገር ነው። ትናንት ሐኪሙ ራሱ ያዘዘለትን መድኃኒት ዛሬ ሲጠይቅ ታካሚው እንደ ሱሰኛ ይታያል፤ ሽንቱ ይመረመራል፤ ውል ይፈርማል፤ ክኒኑ ይቆጠራል። አገሩን ባገለገለበት አካሉ የመጣበትን ሕመም ይዞ ተጠርጣሪ ሆነ።

ጥርጣሬው ከሐኪም ቤት ውጭም ይከተለዋል። በአሜሪካ ሕግ የቀድሞ ወታደር ለጉዳቱ የሚያገኘው ወርኃዊ ካሳ ከዜሮ እስከ መቶ በአሥር በአሥር እየተሰፈረ ነው የሚወሰነው። እስከ 2018 ድረስ ደግሞ ምክንያቱ በምርመራ ያልታወቀ ሕመም ብቻውን እንደ ጉዳት አይቆጠርም ነበር፤ በራጅ ፎቶው ላይ የተሰበረ ነገር ካልታየ ያመኛል ማለት ዋጋ አልነበረውም። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የአንዲት የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዘመን ወታደርን የጉልበት ሕመም ጉዳይ አይቶ፣ ሥራ የሚያስተጓጉል ከሆነ ሕመም ራሱ ጉዳት ነው ብሎ ፈረደ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ እነዚህ ሰዎች ግን በሽታቸውን ገልጠው፣ ደጋግመው ገልጠው፣ የሚያምናቸው ነው ያጡት።

የቡድኑን ቀጠሮ ከዚህ አንጻር ነው ማየት የሚገባው። አንዱ «ጠዋት ካልሲዬን ለማጥለቅ ባለቤቴን እጠራለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አኮርፋታለሁ» ሲል ሌላው ማስረጃ አይጠይቀውም፤ እርሱም ቤት ያው ነው። በሐኪሙም ላይ አንድ ነገር ይሆናል። ለብቻ ሲገናኙ ታካሚው ጠያቂ፣ ሐኪሙ ከልካይ ሆነው ይፋጠጣሉ። በክቡ ውስጥ ግን መድኃኒቱን የመቀነስ ነገር ሲነሣ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ አይሆንም፤ ስድስት ወር ወስዶ ቀስ በቀስ የቀነሰ ሌላ ታካሚ ነው። ሁለተኛው ሳምንት እንዴት ክፉ እንደሆነ፣ አራተኛው እንዴት እንደቀለለ ይናገራል። የቀነሰው ሰው ሕመሙ እንዳልጠፋም ይናገራል፤ እንዲታመን የሚያደርገውም ይህ ነው። ዕድር ለሐዘንተኛው ሙቱን አያስነሣለትም፤ ብቻውን እንዳይቀመጥ ግን ያደርገዋል፤ ይህም ቀጠሮ ለሕመሙ እንደዚያ ነው።

የ2016ቱ ሕግ ቪኤ ከመድኃኒት ውጭ ያሉ ሕክምናዎችን እንዲሞክር አስገደደው። ከ2018 ጀምሮ 18 ሆስፒታሎች ተመርጠው አኩፓንክቸር፣ ዮጋ፣ ታይ ቺ፣ የጤና አሠልጣኝና የቡድን ትምህርት በስፋት መስጠት ጀመሩ። «ሙሉ ጤና» የሚሉት መርሐ ግብር ነው። ታካሚው ምን እንደሚያመው ከመጠየቁ በፊት ምን ማድረግ መቻል እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ የልጅ ልጁን ማንሣት ይሁን፣ ዓሣ ማጥመድ። በሁለት ዓመት ውስጥ አገልግሎቱን በሰፊው የተጠቀሙ ባለ ሥር የሰደደ ሕመም ታካሚዎች የኦፒዮይድ አጠቃቀማቸው በ38 በመቶ ሲቀንስ፣ ምንም ካልተጠቀሙት የቀነሰው 11 በመቶ ነው የሚል ሪፖርት ወጣ። ደጋፊዎቹ ይህን ቁጥር በየመድረኩ ያነሡታል። እኔ ብዙ አልደገፍበትም። ዮጋ የሚሄድ ሰው ቀድሞውኑ መድኃኒቱን መተው የፈለገ ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹ በዕጣ አልተመደቡም።

በዕጣ የተመደቡበት ጥናት ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይመራል፤ ይበልጥም ያስተምራል። ከቪኤ ውጭ፣ በቦስተን ድሆች የሚታከሙበት ትልቅ ሆስፒታል፣ ሥር የሰደደ ሕመምና የድብርት ስሜት ያለባቸው 159 ሰዎች ከፊሉ ወደ ቡድን ቀጠሮ፣ ከፊሉ ወደ ተለመደው ሕክምና ተመደቡ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። በሕመሙ መጠንም ሆነ በድብርቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህን አንብቦ አይሠራም ብሎ መዝጋት ይቻላል። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር አሳይቷል፤ የቡድኑ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄዱት ያነሰ ጊዜ ነው፤ ወራት ሲያልፉም የሚወስዱት የሕመም መድኃኒት ቀንሷል። ሕመሙ እዚያው ነው። በሕመሙ ምክንያት ሌሊት ተነሥቶ ሆስፒታል መሮጥ ግን ቀንሷል። ከዜሮ እስከ አሥር በሚለካ ሚዛን ይህ ለውጥ አይታይም፤ ክሬብስ ራሷ ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው ባለ ሦስት ጥያቄ መለኪያ የሕመሙን መጠን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን ከማጣጣምና ከዕለት ሥራ ምን ያህል እንዳገደ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ጥናት ለእኔ ክርክር የማይመች ነው፤ ስለዚህ ልዘለው አይገባም። በ2024 የታተመው ይህ ጥናት 811 የቀድሞ ወታደሮችን፣ ግማሽ የሚጠጉት ሴቶች፣ በሦስት መደበ። አንዱ ክፍል ትኩረትን አሁን ባለንበት ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ልምምድ በቪዲዮ ስብሰባ በቡድን ተማረ። ሁለተኛው ያንኑ ትምህርት ለብቻው በራሱ ጊዜ ተከታተለ፤ አልፎ አልፎ ስልክ ይደወልለት ነበር። ሦስተኛው በተለመደው ሕክምና ቀጠለ። ሁለቱም የተማሩት ክፍሎች ከሦስተኛው ይልቅ በሕመማቸው ከሥራና ከኑሮ መታገዳቸው ቀነሰ፤ ለዓመትም ዘለቀ። በቡድን የተማረው ግን ለብቻው ከተማረው አልበለጠም። እንግዲያው መሰባሰቡ ምን ጨመረ? ያ ቡድን በስክሪን የተገናኘ፣ ሐኪም የሌለበት፣ የተቀረጸ ትምህርት አብሮ የሚያይ ነበርና ከክቡ ቀጠሮ ጋር አንድ አይደለም ማለት እችላለሁ። ማለትም አለብኝ። ቢሆንም ጥናቱ ሰዎችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። በክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለና ምን እንደሚደረግ ነው የሚወስነው።

አስተዳዳሪዎች መስማት የሚኖርባቸውም ይህን ነው። በመጋቢት 2025 ቪኤ 80 ሺህ ሠራተኛ ሊቀንስ ማቀዱ ተሰማ፤ በሐምሌ ወር ዕቅዱ ወደ 30 ሺህ ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ያም በጡረታና በፈቃድ በሚለቁ እንደሚሆን ተነገረ። ሠራተኛ ሲጎድል አሥር ሰው በአንድ ቀጠሮ ማየት ያማልላል። አሥሩ አሥራ ስምንት ይሆናሉ። ሳይኮሎጂስቱ ወደ ሌላ ሥራ ይጠራል። ሐኪሙ ለአሥር ደቂቃ ብቅ ብሎ ይሄዳል። የቀረው ስላይድ የሚያሳይ አንድ ሠራተኛና ሰዓቱን የሚያይ ሕዝብ ነው። ስሙ ግን አሁንም የቡድን ሕክምና ይባላል፤ በሪፖርትም አሥራ ስምንት ሰው ታከመ ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ ቀጠሮ ለሁሉም ሰው አይሆንምም። ቪኤ ሴት ታካሚዎቹን ሲጠይቅ ከሦስቷ አንዷ በአገልግሎት ላይ ሳለች ወሲባዊ ጥቃት ወይም ትንኮሳ እንደደረሰባት ትናገራለች። የወገብ ሕመሟ ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሴት ዘጠኝ የቀድሞ ወታደር ወንዶች በተቀመጡበት ክብ ውስጥ ትፈወሳለች ብሎ መጠበቅ ጭካኔ ነው። የሴቶች ብቻ ቡድን ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ በትንንሽ ከተሞች ግን አሥር ሴት ማሰባሰብ ያስቸግራል። ደግሞም ሁሉም ወታደር ወታደር መካከል መሆን አይወድም፤ የክፍለ ጦሩን ነገር ረስቶ መኖር የሚፈልግ ሞልቷል። ተሽሎታል ተብሎ ከተጻፈ የካሳው መቶኛ ይቀነስብኛል የሚለው ሥጋትም አለ። ሕመሙን አምነን እንቀበላለን የሚለው ክፍልና ሕመሙን የሚመዝነው ክፍል በአንድ መሥሪያ ቤት ጣራ ሥር እስካሉ ድረስ ይህ ሥጋት የሚጠፋ አይመስለኝም።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ኃላፊነት ነው የተሰጠው። ከእነርሱ ምን ያህሉ ፍንጣሪ በአካላቸው፣ ሕመም በወገባቸው ይዘው እንደሚመለሱ መገመት አያዳግትም። የእኛ ችግር ከአሜሪካ የተገላቢጦሽ ነው፤ በማስታገሻ ጎርፍ አልተጥለቀለቅንም፤ ሞርፊን ለካንሰር ሕሙማን እንኳ በበቂ አይደርስም። ፊዚዮቴራፒስትና ሳይኮሎጂስትም ጥቂት ናቸው። ታዲያ ከአሜሪካው አሠራር የሚወሰድ ነገር ካለ አኩፓንክቸሩ ወይም መርሐ ግብሩ አይደለም። በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ የጤና መኮንን አሥር የቀድሞ ተዋጊዎችን በወር አንዴ ሰብስቦ ማየት፣ መድኃኒታቸውን መፈተሽ፣ አቅም መመጠንን ማስተማር ይችላል። ትናንት በተለያየ ምሽግ የነበሩትን በአንድ ክብ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ፣ ወይስ ገና ጊዜው እንዳልሆነ፣ የሚያውቁት በየአካባቢው ያሉት ናቸው፤ ከላይ በመመሪያ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

በአሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ጉዳዩ የቤታቸው ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን የአገሪቱን ጦር ልብስ ለብሰው ያገለገሉ፣ ልጆቻቸውን የላኩ፣ በቪኤ ሆስፒታሎች የሚሠሩ አሉ። በቤታችሁ ጀርባውን ወይም ጉልበቱን ይዞ ዝም ያለ የቀድሞ ወታደር ካለ፣ መደበኛ ሐኪሙን የቡድን የሕመም ቀጠሮ መኖሩን ይጠይቅ። ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር ያጣራ፤ ሐኪሙ ቀጠሮው እስኪያልቅ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል ወይ፣ ለብቻ የሚታይበት ቀጠሮስ እንዳለ ይቀጥላል ወይ። መልሱ አይ ከሆነ የተሰጠው ቀጠሮ ሳይሆን ንግግር ነውና ሌላ ይፈልግ። ኦፒዮይድ የሚወስድም ከሆነ፣ ቡድኑ ውስጥ ማንም ምንም ቢለው፣ በራሱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አያቁም፤ የሚቀነሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ነው።